የድሮው የጠፈር ዘመን ለምን አለፈ? ከእንግዲህስ ምን እንጠብቅ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሬውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ያኔ ትልልቆቹ ሁሉ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ማርስ ላይ እንደምንደርስ ያወሩ ነበር። እኔም አምኜ አደግሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ሲሽከረከር ነው ያየሁት። ያ ዘመን ለምን አለፈ? እውነት የሚጠበቅ ነገር አለ? ወይስ በትዝታዬ ልኑር?»

እኔ እንጀራዬ የመንኮራኩር ምህዋር ማስላት ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ሲወጣ ገና አልተወለድኩም። ስለዚህ የእርስዎ ዓይነት ትዝታ የለኝም፤ ያለኝ የዚያ ዘመን መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ ትዝታው የዘለለውን ነገር ይናገራል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁርጡን ልንገርዎት። ያ ዘመን የቆመው ስላልተሳካ አይደለም። ስለተሳካ ነው የቆመው።

ነገሩን ከኤፕሪል 1961 እንጀምር። በ12ኛው ቀን ዩሪ ጋጋሪን ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ከአምስት ቀን በኋላ አሜሪካ ያደራጀችው የኩባ ወረራ ቤይ ኦፍ ፒግስ ላይ ተጀመረና ወዲያው ከሸፈ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በአጭር ጊዜ ሁለቴ አፈሩ። ኤፕሪል 20 ለምክትላቸው ለሊንደን ጆንሰን አጭር ማስታወሻ ጻፉ። ላቦራቶሪ ምህዋር ላይ ብናስቀምጥ ይሻላል? ጨረቃን ብንዞር? ወይስ ሰው ጨረቃ ላይ አውርደን ብንመልስ? ሶቪየቶችን ልናሸንፍ የምንችለው በየቱ ነው? መለኪያው ማሸነፍ ነበር። ሳይንሱ አብሮ ከመጣ እሰየው።

ሜይ 25 ኮንግረስ ፊት ቆመው፣ አስር ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ አውርደን በሰላም እንመልሳለን አሉ። ያን ቀን አሜሪካ ሰው ወደ ጠፈር የመላክ ልምዷ በጠቅላላው 15 ደቂቃ ነበር። አላን ሼፐርድ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የበረረው ነው። እሱም ምህዋር ውስጥ አልገባም፤ ወጣ፣ ወረደ፣ አለቀ። እንግዲህ በዚህ ልምድ ነው «ጨረቃ ላይ እንወርዳለን» የተባለው። ድፍረቱ ያስቀናል።

ኖቬምበር 1962 ኬኔዲ ከናሳው ኃላፊ ከጄምስ ዌብ ጋር በዝግ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ተቀድቷል። ዌብ ፕሮግራሙ ከጨረቃም በላይ ሰፊ እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክራሉ። ኬኔዲ አይሰሙም። ሩሲያን መቅደም ባይኖርበት ይህን ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ እንደማይገባ፣ እሳቸውም ለጠፈር ያን ያህል ግድ እንደሌላቸው ፊት ለፊት ተናገሩ። ቅጂው ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። የጨረቃው ጉዞ አባት የምንላቸው ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት።

ገንዘቡ በፍርሃቱ ልክ ጎረፈ። በ1966 ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር። ዛሬ ግማሽ በመቶ አይሞላም። በየፋብሪካውና በየዩኒቨርሲቲው 400,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ነበር። ግን ልብ ይበሉ፦ በጀቱ መቀነስ የጀመረው አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ከመውረዱ በፊት ነው። በ1970 ከአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎች 18ኛው፣ 19ኛው እና 20ኛው ተሰረዙ። የተረፉት ግዙፍ ሮኬቶች ዛሬ በጎናቸው ተጋድመው ጎብኚ ፎቶ ይነሳባቸዋል።

ሕዝቡስ? ትዝታ ዓለም ሁሉ ቴሌቪዥን ከቦ ሲያጨበጭብ ያሳየናል። ለዚያች ለጁላይ 1969 እውነት ነው። በቀሩት የስድሳዎቹ ዓመታት ግን የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችን ካዩ፣ ብዙ ጊዜ አብላጫው ወጪው አይገባም ባይ ነበር። አፖሎ 11 ከመምጠቁ አንድ ቀን በፊት ራልፍ አበርናቲ የተባሉት የሲቪል መብት ታጋይ ድሆችን ይዘው፣ በቅሎ የሚጎትተው ጋሪ አስከትለው እስከ ማምጠቂያው ድረስ ሄዱ። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው። ሮኬቱን ባለማስነሳት ድህነትን ማጥፋት ቢቻል ኖሮ ቁልፉን አንጫንም ነበር አሏቸው። ጨዋ መልስ ነው። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ለጠፈር ገንዘብ በተጠየቀ ቁጥር ብድግ ይላል።

ይህን የምለው የዚያን ዘመን ሰዎች ላሳንስብዎ አይደለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጠጋ ብለን እንያቸው፤ ምክንያቱም ሥራቸው ከትዝታው ይበልጣል።

ጁላይ 20፣ 1969። ኢግል የምትባለው መንኮራኩር አርምስትሮንግንና አልድሪንን ይዛ ወደ ጨረቃ እየወረደች ነው። የምትመራበት ኮምፒውተር ጊዜያዊ ሚሞሪው 4 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዋናው ፕሮግራም የተጻፈው በሽቦ ነው፤ ቃል በቃል። ሴት ሠራተኞች በመርፌ እየሰኩ ሽቦውን በትንንሽ ማግኔታዊ ቀለበቶች ውስጥ ካሳለፉት 1 ይሆናል፤ በውጭ ካለፈ 0። አንዴ ከተሸመነ በኋላ ማስተካከል የለም። የሶፍትዌር ቡድኑን የምትመራው ማርጋሬት ሃሚልተን ነበረች።

10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ኮምፒውተሩ 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አወጣ። አርምስትሮንግ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሂውስተን ባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ውሳኔው የወደቀው በ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ላይ ነው። ከጀርባ ክፍል ሆኖ የሚያግዘው ጃክ ጋርማን ደግሞ 24 ዓመቱ ነው። ጋርማን ጠረጴዛው ላይ በእጁ የጻፋት የቁጥሮች ዝርዝር አለችው። ዝርዝሯ በዕድል እዚያ አልተገኘችም። ትንሽ ቀደም ብሎ ልምምድ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ ቤልስ ጉዞው ይቋረጥ ብሎ ነበር። መቋረጥ አልነበረበትም። አለቃቸው ጂን ክራንዝ፣ ሊመጡ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ ከነመልሳቸው ጻፉ አላቸው። እናም እውነተኛው ሲመጣ ጋርማን ዝርዝሩን አየ፤ ቶሎ ቶሎ ካልተደጋገመ ችግር የለም አለ። ቤልስ «ቀጥሉ» አለ። ሁሉም ነገር በሰከንዶች ውስጥ ነው ያለቀው።

ኮምፒውተሩ የሚለው «ሥራ በዝቶብኛል፤ የማያስፈልገውን ጥዬ ዋናውን እየሠራሁ ነው» ነበር። ለጊዜው የማይፈለግ አንድ ራዳር እየወተወተ ጊዜውን ይበላበት ነበር። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስበው፣ ሲጨናነቅ ራሱን አድሶ ዋና ዋናውን እንዲቀጥል አድርገውታል። በዛሬ ስልኮቻችን ላይ ይህ ጠባይ ቢኖር ስንቱን ብስጭት ባተረፈን።

ከዚያ አርምስትሮንግ በመስኮት ሲያይ መንኮራኩሯ የምትሄደው ድንጋይ ወደሞላበት ጉድጓድ ነው። መሪውን ራሱ ያዘና አሻገራት። ነዳጅ እያለቀ ነው። ከምድር «60 ሰከንድ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ «30 ሰከንድ»። ወረዱ። ሊመለሱ ሲሉ ደግሞ የመነሻ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ማብሪያ ጫፉ ተሰብሮ ወድቆ አገኙት። አልድሪን ኪሱ ውስጥ በነበረች ማርከር ገፍቶ አስገባው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሁለቱ ጨረቃ ላይ ቢቀሩ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሚያነቡት የሐዘን ንግግር ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

እርስዎ ናፈቀኝ ከሚሉት ውስጥ እኔም የምናፍቀው አንድ ነገር አለ፦ ለ24 ዓመት ልጅ ያን ያህል ነገር አምኖ መስጠት። ሮኬቱ አይናፍቀኝም። ዛሬ አንድ ትልቅ ተልእኮ ከሐሳብ እስከ መምጠቅ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሐሳብ የተነሳው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የመጠቀው ዲሴምበር 2021። ገና ከትምህርት ቤት ወጥቶ የገባበት መሐንዲስ የመጠቀበትን ቀን ያየው ፀጉሩ ሸብቶ ነው። ይህ ኪሳራ ነው፤ ማስመሰል አልፈልግም።

ግን ፍጥነቱም ሰው በልቷል። ጃንዋሪ 1967 አፖሎ 1 ገና ማምጠቂያው ላይ ቆሞ፣ ልምምድ ላይ ሳሉ እሳት ተነሳ። ውስጡ የተሞላው ንጹሕ ኦክስጅን ነበር። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነበር፤ ግፊቱ ሲጨምር ማንም ሊከፍተው አልቻለም። ግሪሰም፣ ዋይት እና ቻፊ ሞቱ። በሦስት ወሩ ሶቪየቶች ብዙ ጉድለት እንዳለባት እየታወቀ ሶዩዝ 1ን አመጠቁ። ፓራሹቷ አልተዘረጋም፤ ቭላዲሚር ኮማሮቭ ከመሬት ጋር ተላትሞ ሞተ። ሁለቱም ወገን ከዚያ በኋላ ነው ቆም ብሎ ያሰበው።

ስለ ማርሱ ቀጠሮ ደግሞ ትልልቆቹ አልዋሹዎትም። ኦገስት 1969፣ አፖሎ 11 ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ፣ ቬርነር ፎን ብራውን ሰው በ1982 ማርስ ላይ የሚያወርድ ዕቅድ ለመንግሥት አቀረበ። ዕቅዱ በቁጥር የተሞላ፣ በደንብ የተሠራ ነበር። የጎደለው የሚፈራ ባላንጣ ብቻ ነው። ሩጫው በድል አልቋል፤ ማርስ ላይ የሚቀድም የለም። በ1989 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቡሽ ጨረቃንም ማርስንም አንስተው ነበር፤ የወጪው ግምት ሲወጣ ነገሩ እዚያው ሞተ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። «ዘመኑ አለፈ» ሲሉ የሚቆጥሩት ሰው የተሳፈረበትን ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። አሰሳው ቆሞ አያውቅም። የቆመው ሰውን ሩቅ መላክ ነው።

እዚያው የእርስዎ ልጅነት ውስጥ ልቆይ። ጁላይ 1965 ማሪነር 4 ማርስ አጠገብ አለፈች። 22 ፎቶ አነሳች። የምትልከው በሰከንድ 8 ቢት ገደማ ስለነበር አንዱ ፎቶ ብቻ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች የመጀመሪያው ፎቶ በኮምፒውተር ተቀናብሮ እስኪወጣ መታገሥ አቃታቸው። የሚደርሳቸው የብርሃን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹን በቀጫጭን ወረቀት አተሙ። ወረቀቱን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጠፉ። የሥዕል ክሬዮን ተገዛ። ለጨለማው ቁጥር ቡናማ፣ ለብርሃኑ ቢጫ እያሉ በእጃቸው ቀቡት። ከሌላ ፕላኔት አጠገብ ሆና አንዲት መንኮራኩር ያነሳችው የመጀመሪያው ምስል እንዲህ ነው የወጣው። ሥዕሉ ዛሬም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የዚያን ዘመን አንድ ነገር ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው።

የሚገርመው ግን ፎቶው ያመጣው ዜና መጥፎ ነበር። ብዙ ሰው ማርስ ላይ ቢያንስ አንዳች የሚበቅል ነገር ይጠብቅ ነበር። የታየው ልክ እንደ ጨረቃ በጉድጓድ የተቦደሰ ደረቅ መሬት ነው። ለማርስ ጉዞ የነበረው ጉጉት አንዱ መቀዝቀዣ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በፍጥነት ልለፈው። በ1970 የሶቪየቷ ቬኔራ 7 ቬነስ ላይ አርፋ መልእክት ላከች። በ2005 ሁይገንስ በሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ አረፈች። በ2015 ኒው ሆራይዘንስ ፕሉቶ ዘንድ ደረሰች። እርስዎ ልጅ ሳሉ የፕሉቶን መልክ ያየ ሰው በዓለም አልነበረም፤ በትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ነጥብ ነበረ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ያውቀዋል።

ቮዬጀር ላይ ግን እቆያለሁ። በ1977 ሁለት መንኮራኩሮች መጠቁ። ያን ጊዜ ሩቆቹ ፕላኔቶች በ175 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ በሚገጥም አቀማመጥ ላይ ነበሩ፤ የአንዱን ስበት ተጠቅሞ ወደ ሌላው መወርወር ይቻላል። የታሰበው ለአምስት ዓመት፣ ለጁፒተርና ለሳተርን ነው። ቮዬጀር 2 ዩራነስና ኔፕቱን ድረስ ሄደች። ከእሷ በኋላ እዚያ የደረሰ የለም። ቮዬጀር 1 በ2012 ከፀሐይ ነፋስ ክልል፣ ማለትም ከፀሐይ የሚወጡት ቅንጣቶች ከሚነፍሱበት ክልል ወጣች።

ኖቬምበር 2023 ቮዬጀር 1 ትርጉም የለሽ ነገር መላክ ጀመረች። አንድ የሚሞሪ ቺፕ ሞቶባት ነበር። መልእክት ለመድረስ ብቻ 22 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ መልሱ ለመምጣት ሌላ 22 ሰዓት ተኩል። ሰነዱ አስርት ዓመታት ያስቆጠረ ወረቀት ነው። ተበላሽቶ የነበረውን ፕሮግራም እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወስዱት እንዲህ ያለ ሰፊ ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ ቆራረጡት። ቁራጮቹን ያገኙት ክፍተት ሁሉ ውስጥ እየሸጎጡ፣ እርስ በርስ እንዲገናኙ አድራሻቸውን አስተካከሉ። ኤፕሪል 2024 ላኩት፤ ሠራ። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ የ46 ዓመት ኮምፒውተር። እኔ ይህን ጥገና ከጨረቃው ማረፍ አሳንሼ አላየውም። የሥራ ባልደረቦቼ አጋነንክ ይሉኛል። ይበሉ።

አፖሎም ራሱ ገና ሥራ ላይ ነው። ስድስቱ ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። የተወሰነው ሆን ተብሎ ሳይከፈት ተቀመጠ፤ ወደፊት የተሻለ መሣሪያ ይኖራል በሚል። በ1972 አፖሎ 17 ላይ ታሽጎ የመጣ አንድ የአፈር ቱቦ የተከፈተው በ2022 ነው። ከከፈቱት ተመራማሪዎች ውስጥ ቱቦው ሲመጣ ገና ያልተወለዱ ነበሩበት። በ2008 ደግሞ ከአፖሎ የመጡ ጥቃቅን የእሳተ ገሞራ መስታወቶች እንደገና ሲመረመሩ ውሃ ተገኘባቸው። ጨረቃ ጠብታ የላትም ተብሎ ሲማር የኖረው ትውልድ ደነገጠ።

ተስፋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ላይ። በ2009 ናሳ አንድ ባዶ የሮኬት አካል ጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ፀሐይ የማታይ ጉድጓድ ውስጥ ሆን ብሎ ከሰከሰ። በተነሳው ብናኝ ውስጥ ውሃ ታየ። በረዶ ካለ ይጠጣል፣ ኦክስጅን ይወጣዋል፣ ነዳጅም ይሆናል። ኦገስት 2023 የሕንድ ቻንድራያን 3 በዚያ አቅጣጫ ከማንም ቀድማ አረፈች። በረዶው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማውጣት ይመቻል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ቁፋሮ ብቻ ነው። ስለ ጨረቃ ከተማ የሚያወራ ሰው ካጋጠመዎት መጀመሪያ ስለ ቁፋሮው ይጠይቁት።

ሁለተኛው ተስፋ ዋጋ ነው። አፖሎን ያመጠቀው ሮኬት፣ ሳተርን 5፣ ርዝመቱ 110 ሜትር ነበር፤ ሲነሳ ክብደቱ ወደ 2,900 ቶን ይጠጋል። ከዚያ ሁሉ የሚመለሰው ከ5 ቶን ብዙም የማይበልጥ ሾጣጣ ክፍል ነው። ሌላው ባሕር ውስጥ፣ ጨረቃ ላይ፣ በየጠፈሩ ይቀራል። በዚህ አካሄድ ማንም አገር ረጅም መንገድ አይሄድም። ዲሴምበር 2015 የስፔስ ኤክስ ፋልኮን 9 የመጀመሪያ ክፍል ጭነቱን ልኮ በእግሩ ቆመ። በ2017 ያው ዓይነት ክፍል ዳግም በረረ። ዛሬ አንዳንዶቹ ከ20 ጊዜ በላይ በርረዋል። ቶሎ እንዳንፈነድቅ ግን የስፔስ ሸትልን እናስታውስ። እሱም «ደጋግሞ የሚበር፣ ርካሽ» ተብሎ ነበር። በየሳምንቱ ይመጥቃል ተባለ፤ በጥሩ ዓመቱ በ1985 የበረረው 9 ጊዜ ነው። በ135 በረራ 14 ሰው ሞተበት። ደጋግሞ መብረርና ርካሽ መሆን ለየቅል ናቸው። የፋልኮን ልዩነቱ ሁለቱንም ማሳየቱ ነው።

ሦስተኛው፣ ተሳታፊው በዝቷል። ቻይና ጃንዋሪ 2019 ከምድር የማይታየው የጨረቃ ጀርባ ላይ ማንም ሳይቀድማት አረፈች። በ2024 ከዚያው ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ አፈር አመጣች። ጨረቃን ለመዞር ለተዘጋጀው የናሳ በረራ ለአርቴሚስ 2 በ2023 ከተመረጡት አራት ሰዎች ውስጥ አንዲት ሴት፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊና አንድ ካናዳዊ አሉበት። አፖሎ ወደ ጨረቃ የላካቸው 24ቱም ነጭ አሜሪካውያን ወንዶች ነበሩ። በዚህ በኩል የድሮው ዘመን አይናፍቀኝም።

ሰው በማርስ ላይ? እዚህ ላይ ቀዝቀዝ እላለሁ። የማርስ አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ ከምድራችን 1 በመቶ አይሞላም። ሲገቡበት ለማቃጠል ይበቃል፤ ፍጥነት ለመግታት ግን አይበቃም። እስከ ዛሬ እዚያ በሰላም ያረፈው ከባዱ ነገር የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሲቪራንስ ነው፤ ወደ አንድ ቶን። ሰው ከነምግቡ፣ ከነመመለሻው ለማውረድ ብዙ አስር ቶን ያስፈልጋል። ይህ በመጠን ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። በዚያ ላይ መሄጃው ጊዜ በ26 ወር አንዴ ነው የሚከፈተው። ጉዞው ከስድስት ወር በላይ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ደርሶ የሚያድን የለም። አይቻልም አልልም። ባለሀብት መድረክ ላይ ወጥቶ ዓመተ ምሕረት ሲቆርጥ ግን አልጽፈውም።

የኔ ልብ ያለው በረዷማዎቹ ጨረቃዎች ላይ ነው። የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ የሚበልጥ ውሃ ሳይኖራት አይቀርም። የሳተርኗ ኢንሴላደስ ውሃዋን በስንጥቅ ወደ ጠፈር ትረጫለች፤ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በውስጡ አልፋ ቀምሳዋለች። ዩሮፓ ክሊፐር ኦክቶበር 2024 ተነስታለች፤ በ2030 ትደርሳለች። ወደ ታይታን የምትሄደው ድራጎንፍላይ ደግሞ በሮተር የምትበር ናት። የእሷን መንገድ የጠረገችው 1.8 ኪሎ የምትመዝን ኢንጄኒዩቲ የምትባል ሄሊኮፕተር ናት። አንጎሏ የሞባይል ስልክ ቺፕ ነበር። ማርስ ላይ አምስት ጊዜ እንድትበር ታስቦ 72 ጊዜ በረረች። ለነገሩ የማሪነር 4 ክሬዮን ያለው መንፈስ የት ገባ ካሉኝ እዚያ ውስጥ ነው።

ቁጥር ማስላት ልማዴ ነውና የእርስዎንም አስልቻለሁ። ክሊፐር ጁፒተር ስትደርስ 69 ዓመት ይሆንዎታል። ድራጎንፍላይ በዕቅዷ መሠረት በ2028 ተነስታ በ2034 ታይታን ላይ ብታርፍ 73። ቀኑ ትንሽ ሊገፋ ይችላል፤ የኛ ነገር ይታወቃል። እስከዚያው የአፖሎ 11 የመቆጣጠሪያ ክፍል የድምፅ ቅጂ በኢንተርኔት በነፃ አለ፤ ጋርማንና ቤልስ ስለ 1202 ሲነጋገሩ ለይተው መስማት ይችላሉ። ፐርሲቪራንስ የምታነሳቸውን ጥሬ ፎቶዎችም ናሳ እንደደረሱ ይለቃቸዋል። ብዙ ጊዜ ሳይንቲስቶቹ ተንትነው ሳይጨርሱ እርስዎ ያዩዋቸዋል፤ ለልጅ ልጆችዎም ያሳዩዋቸው።